የተሞረዱት አረሮች

የአረር አፍንጫ ቢጫር፣ ቢጣመም፣ ብዙም ግድ የለም። መቶ ያርድ ላይ ልዩነቱን አታዩትም። ቂጡ ሲነካ ግን ነገር ተበላሸ፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ የባሩዱ ጋዝ በአንድ ጎን ይቀድመውና አረሩ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ደግሞ ቂጡ ቀለሁ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ጥይቱን ቀኑን ሙሉ ብታገላብጡት ምንም አታገኙበትም። የምታውቁ ካላችሁ ደግ፤ የማታውቁ ዛሬ እወቁ። ሻለቃ ኃይለመስቀል አያውቅም ነበር።

ፊት ለፊት አንቱ ነው የምለው። እዚህ ግን የሚቆጣኝ የለም፣ እሱ እያልኩ ልቀጥል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ማሰልጠኛ ስገባ የተኩስ አስተማሪያችን ነበር፤ ያኔ ሻምበል። ከተኩስ በኋላ እያንዳንዱ ወታደር ባዶ ቀለሁን ቆጥሮ ያስረክባል። አንድ ቀን የኔ አንድ ጎደለ። አንድ ቀለህ። ጓዶቼ ተሰልፈው እያዩ በጥፊ አጮለኝና ጠጠሩ ላይ በጉልበቴ እየዳኽኩ እንድፈልገው አዘዘ። ሦስት ቀን ዳኽኩ። በሦስተኛው ቀን የጉልበቴ ቆዳ ተልጦ ከሱሪዬ ጋር ደርቆ ተጣብቆ ነበር። ቀለሁ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ሽፈራው ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ፤ ቀለህ ሆኜ ቀረሁ።

አትላንታ ገብቼ፣ ዘሪቱን አግብቼ፣ ሊልበርን ቤት ገዝቼ ያ ስም የቀረልኝ መስሎኝ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ሻለቃው በሱዳን በኩል ዞሮ ሳንዲ ስፕሪንግስ ልጁ ሉሊት ጋ መጣ። በሰማንያ ሰባት ጥምቀትን በኪራይ አዳራሽ ስናከብር ከሩቅ አየኝ። ሚስቴና አማቼ አጠገቤ ቆመዋል። "አንተ ቀለህ፣ አለህ እንዴ?" አለኝ። ከዚያ ታሪኩን ከነአዳዳኼ እያሳየ ተረከላቸው። ሰው በሳቅ ፈረሰ። አማቼ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። በሳምንቱ ዘሪቱ ራሷ፣ ኪችን ውስጥ፣ ለጨዋታ ብላ ቀለህ ብላ ጠራችኝ። ቆሽቴ አረረ።

እኔ እዚህ አገር ማሽኒስት ነኝ፤ ብረት እቆርጣለሁ። ጋራዤ ውስጥ አንድም ቀን መኪና ፓርክ አድርጌ አላውቅም፣ ጥይት የምሞላበት ጠረጴዛ ይዞታል። የተተኮሰ ቀለህ እሰበስባለሁ፣ አጥባለሁ፣ ቂጡ ላይ እሳት የምታስነሳዋን ፕራይመር እተክላለሁ፣ ባሩዱን በሚዛን እመዝናለሁ፣ ከላይ አረር እጭንበታለሁ። ሪሎድ ማድረግ ነው የሚሉት። ሌላው ሐበሻ ቅዳሜ ዘመድ ይጠይቃል፣ ያንተ ዘመድ ባሩድ ነው ትለኛለች ዘሪቱ። እውነቷን ነው። ባሩድ ቀልድ አያወራብኝም።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ሻለቃው አንዲት አሮጌ ዳትሰን መኪና እየነዳ ጋራዤ ድረስ መጣ። መያዣ ተቀብሎ ከሚያበድር ሱቅ፣ ከፓውንሾፕ፣ የገዛትን ጠመንጃ ይዟል፤ ለአደንም ለኢላማም የምትሆን፣ ጥይቷን አንድ በአንድ በእጅ እየቆለፍክ የምትተኩሳት ባለ ቦልት። ነገሩን አስረዳኝ። ኬኔሶ፣ ቤት ያለው ሁሉ ጠመንጃ ይኑረው ብላ ሕግ ያወጣችው ከተማ፣ ሚስተር ዌልደን የሚባል ሽማግሌ የጠመንጃ ሱቅ አለው። ዓይኑ ስለደከመ ሱቁ የሚያስተካክላቸውን ጠመንጃዎች እየተኮሰ የሚፈትንለት ሰው ይፈልጋል። ፈተናው በግንቦት ነው። የራስህን ጠመንጃ፣ የፈለግከውን ጥይት ይዘህ ትመጣለህ፤ መቶ ያርድ ላይ አምስት ትተኩሳለህ፤ አምስቱም ቀዳዳ በአንድ ኳርተር ሳንቲም መሸፈን አለበት። ላለፈው ሥራው ከመኖሪያው ጋር ነው፤ ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ከነወጥ ቤቷ አለች።

ሻለቃው የፈለገው ክፍሏን ነው። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጁ ቤት ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛል። አማቹ ቲቪ አይቶ እስኪጨርስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ ጠዋት ብርድ ልብሱን አጣጥፎ ከሶፋው ኋላ ይሸሽጋል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሕፃን ይይዛል። ባለማዕረግ የነበረ ሰው። "በሬን ከውስጥ ቆልፌ ልተኛ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለኝ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን አሳዘነኝ። እሺ አልኩት።

መተኮስ እንጂ ጥይት መሙላት አያውቅም፤ በሱ ጊዜ ጥይት በሣጥን ታሽጎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ መሙላቱ የኔ ሆነ። ሦስት ዓይነት የባሩድ መጠን፣ ከየዓይነቱ አምስት አምስት ሞላሁና ከሊልበርን አለፍ ብሎ ጥድ መሀል ወዳለው ተኩስ ሜዳ ሄድን። የመጀመሪያው ዓይነት ተበተነ። ሁለተኛው ተሻለ። ሦስተኛውን ተኩሶ ሲጨርስ ኢላማውን ላመጣ ሄድኩ፤ ኳርተሬን ባስቀምጥበት አምስቱም ሥሩ ገቡ። ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ትንፋሹን ሲይዝ ጀርባው አይነቃነቅም፣ ቃታውን መቼ እንደሳበ አይታወቅም። ክፍሏን አገኛት አልኩ በሆዴ፣ ደስም አለኝ።

ቤት ተመልሰን ዘሪቱ ምሳ አቀረበች። ሻለቃው ኢላማውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እንዴት ያለ ጥይት ነው ብሎ ያመሰግነኛል ብዬ ስጠብቅ ወደሷ ዞረና፣ "ይኸን እጅ የሠራሁት እኔ ነኝ። ያኔ ባላስዳኽኩት ኖሮ ዛሬ ባሩድ በነጥብ አይመዝንም ነበር። ቀለህን ሰው ያደረግኩት እኔ ነኝ" አላት። ዘሪቱም አመሰገነችው። ምን ታድርግ፣ እንግዳ ነው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ጨርሼ በላሁ። ዳትሰኑ ከግቢው እንደወጣ ጋራዥ ገብቼ ሞረዱን አነሳሁ።

ሃምሳ ጥይት የሚይዝ የፕላስቲክ ሣጥን አለኝ፣ አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥር። የፊተኛውን ረድፍ አሥሩን ደህና አድርጌ ሞላሁ። ለቀሩት አርባ አረሩን አንድ በአንድ ጉጠት ውስጥ እያሰርኩ ቂጡን በአንድ ወገን ሞረድኩት፣ ጥፍር የምታህል ስስ ነገር ብቻ። ከዚያ ያው ባሩድ፣ ያው ፕራይመር፣ ያው ርዝመት። ሲያልቁ ሁሉም አንድ ናቸው። ክዳኑ ላይ የባሩዱን መጠንና ቀኑን በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩበት። እንዲያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከኋላዎቹ ረድፎች እያነሳሁ ያቀበልኩትን አምስት ተኮሰ። ሜዳው ላይ ኢላማ የማመጣው እኔ ነኝ፤ ታናሽ እያለ ሻለቃ መቶ ያርድ አይመላለስም። ሄጄ ሳየው ቀዳዳዎቹ ከመዳፌ ሰፍተው ተበትነዋል። እሰይ አልኩ። ስመለስ ፊቴን አጨፍግጌ ሰጠሁት። አየው፣ ገልብጦ ጀርባውን አየው፣ ነፋስ ነው አለ። ሣሩ እንኳ አልተንቀሳቀሰም ነበር።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። አንድ ሳምንት ብሎኖቹ ላልተው ነው አለና ሁሉንም አጠበቅን። ሌላ ሳምንት አፈሙዙ ቆሽሾ ነው አለና ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲወለውል ዋለ። እኔም ጨርቅ እያቀበልኩ አገዝኩት። ከዚያ ጾሙ ነው አለ፤ ሁዳዴ ነበርና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምስም። ጉልበት ሲያጣ ሰው እጁ ይከዳዋል፣ ፋሲካ ይምጣና ታያለህ አለኝ። ፋሲካ መጣ። ሳምንቱን ሥጋ ሲበላ ከርሞ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ ዳግማይ ትንሣኤን ውሎ መጣና ተኮሰ። ከጾሙም ጊዜ ባሰ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠመንጃውን ሰጠኝና አንተ ሞክራት አለኝ። ቁጭ አልኩ፣ ከሣጥኑ ከፊተኛው ረድፍ አምስት አነሳሁ፣ ተኮስኩ። ኳርተሩ ሸፈናቸው። ከየትኛው ጥይት ነው አለኝ። "ከዚሁ ሣጥን ነው፣ ሻለቃ" አልኩት ዓይኔን በጨው አጥቤ። አልዋሸሁም፣ ከዚያው ሣጥን ነው። ኩም አለ። ሰውየው ፊቴ እያለ ትከሻው ወረደ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጉልበቴን እየዳበስኩ መኪናዬን ነዳሁ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሻለቃው ጥፋቱን ወደ ራሱ ያዞረው። የጠመንጃው መነጽር መስቀል ኢላማው ላይ ቀጥ ብሎ ይታየኛል፣ ቃታውን ስስብም አልነቃነቅም፣ አረሩ ግን ሌላ ቦታ ነው የሚገኘው ይለኛል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የሚታየኝ ቀጥ ያለ አይደለም ማለት ነው። ሌላም ነገር እየተሳሳተ የሚታየኝ ይሆናል ይላል። ዳትሰኑን እየነዳ ሲመጣ መብራት ላይ ሁለት ጊዜ ሦስት ጊዜ እያረጋገጠ እንደሚቆም፣ ኋላ ያሉት ጡሩምባ እንደሚነፉበት ነገረኝ። ሕፃኑን ሲያቅፍም እየፈራ ነው። እኔ አይዞዎት እያልኩ ባሩድ እመዝናለሁ።

አንዴ ብቻ ልያዝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር። ጋራዡ ውስጥ ሆነን የአረር መንቀያዋን መዶሻ አነሳ፤ ጥይቱን አስገብተህ መሬት ስትመታባት አረሩና ባሩዱ ተነቅለው ይወጣሉ። ይህቺ ለምንድን ነው አለኝ። ነገርኩት። አንዱን ጥይት ከሣጥኑ አውጥቶ በጣቶቹ አሽከረከረውና፣ አንዱን ፈትተን ብናየውስ አለ። "ይፍቱት ሻለቃ። ካላመኑኝ ይፍቱት" አልኩት፣ ቅር የተሰኘ ሰው ድምፅ አውጥቼ። ወዲያው አፈረ። ሰው ለወገኑ ደክሞ የሠራውን ፊቱ ላይ ፈትቶ መመርመር እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ምን ነካኝ አለ። መዶሻዋን ቦታዋ መለሳት። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ፈትቶ ያይ ነበር። እኛ እኮ እንዲህ ነን፣ በይሉኝታ የምንሞት።

አሁን አትሳቁብኝ። ለፈተናው ቀን ደህና ጥይት ነው የሞላሁት። ሃያ ጥይት፣ አንዱም ሞረድ ያልነካው። ዘጠኝ ሳምንት አየሁት፣ ጠገብኩ፣ ክፍሏን ይውሰድ አልኩ። ኬኔሶ እስክንደርስ ነገሩን ቀልድ አስመስዬ ልነግረው አስቤ፣ የኔ ጥፋት ነው፣ አረሮቹ ችግር ነበረባቸው፣ የእርስዎ ዓይን ምንም አልሆነም ልለው አስቤ፣ በልቤ እየተለማመድኩት ነው የነዳሁት። ከሱቁ ፊት ፓርክ አደረግኩ። አፌን ልከፍት ስል ቀደመኝ።

"ሽፈራው" አለኝ። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "ያን ጊዜ ቀለሁን ያገኘሁት የመጀመሪያው ቀን ነው። እግሬ ሥር ነበር። ሌሎቹ እንዲማሩብህ ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ሁለቱን ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤው ነው ስትድህ ያየሁህ። እግዜር ዓይኔን የያዘው በሱ ነው። ይቅር በለኝ።"

ኪሱ ውስጥ። እኔ ጠጠር ከጉልበቴ በመርፌ ሳወጣ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ሰዓት አልቅሶ ይታረቅ ይሆናል። እኔ የተሰማኝ ዘጠኝ ሳምንት አነሰው የሚል ብቻ ነው። ይቅር ብያለሁ ሻለቃ አልኩት፣ በአፌ። ልነግረው ያዘጋጀሁትን መልሼ ዋጥኩት።

እሱ ግን አልተኮሰም። ሚስተር ዌልደንን በዚያች ባላት እንግሊዝኛ፣ እኔ አልችልም፣ ዓይኔ አልቋል፣ ይህ ልጅ ከኔ የተሻለ ነው፣ እሱን ፈትነው አለው። ጠመንጃውንም በሁለት እጁ ይዞ ሰጠኝ። እምቢ ማለት እችል ነበር። በሱቁ ተኩስ ሜዳ ተቀምጬ አምስት ተኮስኩ። ሻለቃው ኢላማውን ከሩቅ በሚያሳይ ባለ እግር መነጽር ላይ ጎንበስ ብሎ እያየ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው ሁለተኛው ላይ ገባ፣ አራተኛው ከነሱ ጋር ተነካካ እያለ ቆጠረልኝ። መቶ ያርድ ላይ የትኛው ቀዳዳ የትኛውን እንደነካ ይለያል። ዌልደን ኢላማውን አስመጥቶ ሳንቲሙን ሲያስቀምጥ ልክ እሱ እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ዌልደን ቀና ብሎ ሻለቃውን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። እጄን ጨበጠኝ።

የብረት ሾፑን ለቅቄ ኬኔሶ ገባሁ። ክፍሏ አልጋ አላት፣ ጥሩ መስኮት አላት፣ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል። እኔ ቤት አለኝ፣ ምን ትሠራልኛለች፤ ባዶ ካርቶን አስቀምጥባታለሁ።

በሐምሌ አንድ እሑድ ሉሊት ደወለችልኝና ምሳ ጠራችኝ። ስሄድ ሻለቃው ሶፋው ጠርዝ ላይ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ተቀምጧል። ሉሊት ዓይን ሐኪም ወስዳው ኖሯል። ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ፣ ዓይኑ የጎረምሳ ዓይን ነው፣ ምንም የለበትም አላት። ዓይኑ ደህና ከሆነ የሚያሳስተው ጭንቅላቱ ነው ማለት ነው ብለው ወደ ሌላ ሐኪም ልከዋቸዋል። እዚያ ደግሞ ፎርም ሰጧት፤ ሕመሙን በዓይኑ ያየ ሰው ይናገር፣ መኪና መንዳቱንና ልጅ መያዙን በዚያ ነው የምንወስነው አሏት። እሷ ሥራ ስለምትውል ምንም አላየችም። ያየሁት እኔ ነኝ።

"ዘጠኝ ሳምንት አብረኸው ነበርክ" አለችኝ፣ እስክሪብቶዋን ይዛ። "እውነቱን ንገረኝ። ከጥይቱ ሊሆን አይችልም? ከጠመንጃው? አባባን ቤት ዘግቼበት ልሄድ ነው እኮ፣ እንደ ሕፃን። ትንሽ እንኳን የምትጠረጥረው ነገር ካለ ንገረኝ።"

እኔ ሳልመልስ ሻለቃው ተናገረ። ከጥይቱ አይደለም አላት፤ ከዚያው ሣጥን ሽፈራው ሲተኩስ አንድ ቦታ ነው የሚገባው። ወደኔም ዞሮ፣ "አትዘንልኝ፣ ያየኸውን ንገራት" አለኝ።

ሥራዬን አሰብኩ፣ ዘሪቱ ብትሰማ ምን ትለኛለች ብዬ አሰብኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ያን ሁሉ አላሰብኩም። ያሰብኩት ኪሱን ነው።

"ከመጋቢት ጀምሮ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር" አልኳት። "ኢላማውንም የሚያዩት አይመስለኝም። እንዳይከፋቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ሉሊት ቃል በቃል ጻፈችው። ስትጨርስ ፎርሙን ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና እንባዋን ጠርጋ ምግብ ልታቀርብ ተነሳች። ሻለቃው እጄን ይዞ ሳበኝና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ወንድ ልጅ ማለት አንተ ነህ፣ ሌላው ይሸነግለኝ ነበር አለኝ። ምግቡ ሲመጣ በመጀመሪያ ለኔ ጠቀለለ። ጉርሻውን ወደ አፌ አምጥቶ፣ እኔ አፌን እስክከፍት ድረስ፣ ፊቴ ላይ ያዘው። ቆየሁ። እጁ አልነቃነቅ አለ። ሉሊት ጀርባዋን ሰጥታ ውሃ ትቀዳ ነበር፣ አላየችም። አፌን ከፍቼ ጎረስኩ።